የቆሎ ተማሪና የሳይበር ተለማማጅ

ጠዋት ከዳንደኖንግ ጣቢያ ወደ መሀል ሜልበርን በሚሄደው ባቡር የተሳፈረ ሰው ኖብል ፓርክን፣ ስፕሪንግቬልንና ክሌይተንን አልፎ ሀንቲንግዴል ሲደርስ ፉርጎው ድንገት ቀለል ሲል ያያል። ቦርሳቸውን ያነገቱ ወጣቶች እየተሯሯጡ ወርደው 601 ቁጥር አውቶቡስ ይይዛሉ፤ መንገዳቸው ወደ ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከመካከላቸው የእኛም የኢትዮጵያውያን ልጆች አሉ። አንዳንዶቹ እዚሁ ተወልደው ያደጉ፣ ሌሎቹ በተማሪ ቪዛ ከአገር ቤት የመጡ። ማታ ቤት ሲገቡ ቡና እየተቆላ እናት ትጠይቃለች፦ «ልጄ፣ ሥራ ያዝሽ ወይስ ገና ተማሪ ነሽ?» መልሱ «ኢንተርንሺፕ ላይ ነኝ» ይሆናል። እናት ራሷን ትነቀንቃለች እንጂ ነገሩ አልገባትም። ሥራ ከሆነ ደሞዙ የታለ? ትምህርት ከሆነስ ቢሮ ምን ይሠራል? በዚያ ላይ ልጅቷ ልምምዱን በሌላ አገር ላድርገው ስትል ጭንቀቱ እጥፍ ይሆናል።

ነገሩ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ድጓ የሚፈልግ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አባ፣ አቋቋም የሚማር ወደ ጎንደር፣ ቅኔ የሚቆጥር ወደ ዋሸራ አኮፋዳውን አንግቶ ይሄድ ነበር፤ ዛሬም ይሄዳል። የቆሎ ተማሪ ብራናውን በትውልድ መንደሩ ቢያገኘውም እንኳ እግሩን ያነሳል፤ ዕውቀቱ ያለው ወንበር ዘርግቶ በሚያስተምረው መምህር ዘንድ ነውና። እዚያም ውኃ እየቀዳ፣ እንጨት እየለቀመ ይማራል፤ ሲበስል ደግሞ ከእሱ በታች ያሉትን ያስቀጽላል። አገልግሎትና ትምህርት የተጋመዱበት፣ ከቤት ርቆ የሚፈጸም ልምምድ ማለት ይኸው ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን «አፓረንት መውጣት» የሚሉትም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በዓለም ደረጃ ነገሩ ሥርዓት የያዘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1948 ጄምስ ኒውቢ የተባለ የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ባልደረባ ጠርቷቸው የ10 የአውሮፓ አገሮች ተወካዮች ተሰበሰቡና የቴክኒክ ተማሪዎች የሥራ ልምድ የሚለዋወጡበትን ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ አይኤስቴ በሚባል አጭር ስም ይታወቃል። አሠራሩ ደስ ይላል። በየአገሩ ያለው ኮሚቴ ኩባንያዎችን እያንኳኳ «አንድ የውጭ ተማሪ ትቀበላላችሁ?» ይላል፤ የተገኙትን ቦታዎች ይዞ ወደ ዓመታዊው ጉባኤ ይሄዳል፤ እዚያም አንድ ለአንድ ይቀያየራሉ። አንተ የእኔን ተማሪ ተቀበል፣ እኔም ያንተን እቀበላለሁ። ለተማሪው የዕለት ኑሮ የሚበቃውን ገንዘብ የሚከፍለው ተቀባዩ ድርጅት ነው። በዚህ መንገድ ከ350,000 በላይ ተማሪዎች ድንበር ተሻግረዋል። ዋናው ቁም ነገር ልውውጡ ወዲህም ወዲያም መሆኑ ነው። ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚፈስ ከሆነ ስሙ ልውውጥ ሳይሆን ስደት ነው።

ለመሆኑ የሳይበር ደህንነት ተለማማጅ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል? ፊልም ላይ እንደምናየው ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሰው ኮምፒውተር አይሰብርም። ያለፈቃድ መስበር ወንጀል ነው፤ በመጀመሪያው ቀን የሚፈርመውም የምስጢር ጥበቃ ውል ነው። ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው በልማድ «ሶክ» በሚባለው የጥበቃ ክፍል፣ ከአንድ ተንታኝ ጎን ነው። በፊታቸው ካለው ስክሪን ላይ ማንቂያ ይዘንባል። ለምሳሌ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከዳንደኖንግ የገባ የአንድ ሠራተኛ መለያ ከ10 ደቂቃ በኋላ ከሌላ አህጉር ገብቶ ይታያል። ሌባ ነው? ወይስ ሠራተኛው መገኛን የሚደብቅ የግል ኔትወርክ (ቪፒኤን) አብርቶ ነው? መጽሐፉ ሁለቱም ሊሆን እንደሚችል ይነግርሃል፤ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ምን ማየት እንዳለብህ የሚያሳይህ ግን ጎንህ የተቀመጠው ሰው ነው። እሱ ዱካውን ሲከተል ታያለህ፣ ሲሳሳት ታያለህ፣ ስህተቱን ሲያርምም ታያለህ። የሳምንታት ልምምድ የዓመታት ንባብ የማይሰጠውን የሚሰጠው ለዚህ ነው።

አውስትራሊያ ይህን ሙያ ለምን እንደተራበች ለማወቅ ወደ ኋላ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ኦፕተስ፣ በወሩ ደግሞ ሜዲባንክ ተዘረፉ፤ ከእያንዳንዳቸው ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው የግል መረጃ ወጣ። ከእኛ መካከልም የመንጃ ፈቃድ ወይም የፓስፖርት ቁጥሩን ለመቀየር የተሰለፈ ብዙ ነው። የአገሪቱ የሳይበር ተቋም በ2023–24 ዘገባው በአማካይ በየ6 ደቂቃው አንድ የሳይበር ወንጀል ጥቆማ እንደሚደርሰው ገልጿል።

ጥበቃው በሰዓት ልዩነትም ይታገዛል። በአውስትራሊያ ክረምት ሜልበርን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። በሁለቱም ከተሞች ሰው ያለው ድርጅት አንዱ ሲተኛ ሌላው እንዲነቃ ማድረግ ይችላል። በሁለት አገር የሠራ ተለማማጅ ፈረቃው ሲለወጥ ምን መረጃ እንደሚጠፋና ምን ተጽፎ መተላለፍ እንዳለበት በዓይኑ አይቶታል።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ልምምድ ደግሞ ሌላ መልክ አለው፤ እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ የሥራ ቦታ ይሆናል። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ጉግል አማርኛን መተርጎም የጀመረው በ2016 ነው። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል በኮምፒውተር ማኅደር ውስጥ 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። በእንግሊዝኛ ልክ የተሰፋው ማሽን የአማርኛን ቃል ይሰባብረዋል፤ በዚህም የተነሳ ያው አንድ ሐሳብ በአማርኛ ሲሆን ብዙ ቁራጭ ይሆናል፣ ብዙ ያስከፍላል፣ ውጤቱም ይደክማል። በዚህ ላይ ሀ፣ ሐ፣ ኀ አሉ፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ አሉ። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ»፣ «ጸሃይ» ለእኛ አንዲት ፀሐይ ናት፤ ላልተማረ ማሽን አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ይህን ማስተካከል፣ ጽሑፍ ማጥራት፣ የማሽኑን መልስ እየፈተሹ ስህተቱን በዓይነት በዓይነቱ መመደብ ለተለማማጅ የሚሰጥ እውነተኛ ሥራ ነው። አሰልቺ ይመስላል። እኔ ግን በዚህ ሙያ ውስጥ ከሚሠሩት ሁሉ ለቋንቋችን ትልቁ ውለታ ይኼ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለቱ ሙያዎች የሚገናኙበትን ቦታ ደግሞ የእኛ አዛውንቶች ስልክ ላይ ታገኙታላችሁ። «ሽልማት ደርሶዎታል»፣ «ሂሳብዎ ሊታገድ ነው»፣ «የተላከልዎትን ቁጥር ይንገሩን» የሚል የማጥመጃ መልእክት በአማርኛ ሲመጣ በእንግሊዝኛ ብቻ የሠለጠነ ማጣሪያ ላያውቀው ይችላል። ይህን የሚያውቅ ማጣሪያ ለመሥራት አማርኛን ከነዘዬው የሚሰማ ወጣት ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ የመጣች ተማሪ ቋንቋውን ታመጣለች፤ እዚህ ያደገው ልጅ የአውስትራሊያን አጭበርባሪዎች ዘዴ ያውቃል፤ ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ ለብቻቸው የማይደርሱበት ይደርሳሉ።

ከዚህ ወደዚያ ብቻ፣ ወይም ከዚያ ወደዚህ ብቻ መላክ አይበቃም የምለውም ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ባዶ እጇን አይደለችም። ጌትነት አሰፋ የመሠረቱት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርጅት አይኮግ ላብስ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ እየሠራ ነው፤ በ2018 አዲስ አበባን በጎበኘችው ሶፊያ በተባለችው ሮቦት ሶፍትዌር ውስጥም የአይኮግ ወጣቶች እጅ አለበት። በእናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነው ፕሮፌሰር ጄላኒ ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ2011 የጀመረው አዲስኮደር ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በክረምት አልጎሪዝም ያስተምራል፤ አስተማሪዎቹ ከውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ጭምር ይመጣሉ። በ2019 በኤምሬ ቫሮል የተመሠረተው ኤቱኤስቪ የተባለው የሥልጠና ፕሮግራም ከአዲስ አበባ ግቢዎች የወጡ ተማሪዎችን ለጉግል ልምምድ አብቅቷል። በመንግሥት በኩል የሳይበር ደህንነት ተቋሙ ኢንሳ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በየክረምቱም ተሰጥኦ ያላቸውን ወጣቶች ያሠለጥናል፤ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በማዕከልነት ተመሥርቷል። የዳንደኖንግ ልጅ እዚያ ሄዶ የሚማረው አለው፤ በሞባይል ገንዘቡ በቴሌብር ላይ የቆመ ገበያ እንዴት እንደሚጠበቅ ክሌይተን ተቀምጦ አያየውም።

ታዲያ እንቅፋቱ ምንድን ነው? ቪዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በሞንትሪያል በተደረገው ትልቁ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ ላይ ብዙ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ቪዛ ተከልክለው ቀሩ። ሁለቱ የአዲስ አበባ ልጆች፣ ትምኒት ገብሩና ረድኤት አበበ፣ በ2017 ብላክ ኢን ኤአይ የተባለውን የጥቁር ተመራማሪዎች ስብስብ ካቋቋሙት መካከል ናቸው፤ የዚህን በር መዘጋት ለዓለም ያሳየው አንዱ የእነሱ ስብስብ ነው። በዚሁ የቪዛ ችግር የተነሳ አይሲኤልአር የተባለው ሌላ የዘርፉ ጉባኤ ራሱ ወደ አፍሪካ ይምጣ ተባለ፤ ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተቀጠረ። ኮሮና መጣና ሁሉም ነገር በኢንተርኔት ሆነ። ያ ሳምንት አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ኖሮ ስንት ተማሪ ከስንት መምህር ጋር ቡና ይጠጣ እንደነበር ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል። ጉባኤው አፍሪካን የረገጠው እ.ኤ.አ. በ2023፣ ኪጋሊ ላይ ነው።

የአውስትራሊያም በር ርካሽ አይደለም። የተማሪ ቪዛ ማመልከቻ እ.ኤ.አ. በ2024 አጋማሽ ከ710 ወደ 1,600 ዶላር ዘለለ፤ በዓመቱ 2,000 ገባ። ለልምምድ ብቻ ለሚመጣ ሰብክላስ 407 የሚባል የሥልጠና ቪዛ አለ፤ እሱ ግን ስፖንሰር የሚሆን ድርጅት ይጠይቃል። ከዚህ ወደ ውጭ ለሚሄደው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ኒው ኮሎምቦ ፕላን የተባለ የመንግሥት ፕሮግራም አለ፤ ይሁንና የሚልከው ወደ እስያና ፓስፊክ ነው፣ ኢትዮጵያ ከዝርዝሩ የለችም። በመንግሥት ድጋፍ የሚማር የአውስትራሊያ ዜጋ ኦኤስ-ሄልፕ የተባለውን ብድር መጠየቅ ይችላል፤ ይህኛው በእስያና በፓስፊክ አይወሰንም፤ የሚፈለገው ጉዞው ከትምህርቱ ጋር መያያዙ ነው።

ወደ እናትየዋ የደሞዝ ጥያቄ ልመለስ፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነውና። የአውስትራሊያ ሕግ ያለ ክፍያ ልምምድን የሚፈቅደው በተለይ የትምህርቱ ግዴታ ሲሆን ነው። ከትምህርቱ ውጭ ሆኖ ልጁ የሠራተኛን ሥራ እየሠራ ከሆነ ሊከፈለው ይገባል። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው በትምህርት ወቅት በሁለት ሳምንት 48 ሰዓት ብቻ እንዲሠራ ቢፈቀድለትም፣ በኮርሱ ውስጥ በግዴታነት የተመዘገበ ልምምድ ከዚህ አይቆጠርም። የሚከፍሉም አሉ፦ የሞናሽ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ፋኩልቲ የ22 ሳምንት የኢንዱስትሪ ልምምድ ከስኮላርሺፕ ጋር ይሰጣል። ከምረቃ በኋላ ለውጭ ተማሪዎች የተዘጋጀው ፕሮፌሽናል ይር ደግሞ 44 ሳምንት ይፈጃል፣ 12ቱ ልምምድ ነው፣ ከፋዩ ግን ተማሪው ነው። «ልምምድ እናገኝልሃለን» እያለ አስቀድሞ ብር የሚጠይቅ ደላላ ሲመጣ ተቀባዩን ድርጅት በስሙ ጠይቁት፤ ስሙን ካልነገራችሁ አትክፈሉ። አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ ይታወቅ፦ የመንግሥትና የመከላከያ የሳይበር ሥራ የሚጠይቀው የደህንነት ማረጋገጫ የሚሰጠው ለአውስትራሊያ ዜጋ ነው። ዜግነቱን ይዞ ያደገው ልጃችን እዚህ ላይ ከውጭ ተማሪው የሰፋ በር አለው።

ዳንደኖንግ ለዚህ ሁሉ ምቹ ናት። ከ150 በላይ አገሮች የመጡ ሰዎች የሚኖሩባት፣ በደቡብ በኩል የአገሪቱ ትልልቅ ፋብሪካዎች የተደረደሩባት ከተማ ናት። እነዚያ ፋብሪካዎች ውስጥ ያሉ ማሽኖች ከኔትወርክ ጋር እየተገናኙ ነው፤ የተገናኘ ሁሉ ጠባቂ ይሻል። ዩኒቨርሲቲ ላልገባውም የሙያ ማሠልጠኛው ቺዝም ኢንስቲትዩት እዚሁ ስተድ ሮድ ላይ አለ።

በሜልበርን ድርጅቶች ውስጥ የምትሠሩ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችና ተንታኞች ሆይ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ላይ ለአለቃችሁ አንድ ጥያቄ አቅርቡ፦ «በመጪው የዕረፍት ወቅት አንድ ተለማማጅ ከጎኔ ላስቀምጥ?» ከተፈቀደላችሁ ቦታውን ለዳንደኖንግ ልጅ ወይም ከአገር ቤት ለመጣ ተማሪ ንገሩ። ወላጆች ደግሞ ልጃችሁ ሁለተኛ ዓመት ሳይገባ የዩኒቨርሲቲውን የልምምድ ቢሮ እንዲያነጋግር ንገሩት፤ ማመልከቻው ብዙ ጊዜ የሚዘጋው ልምምዱ ከሚጀመርበት ቀን ወራት ቀድሞ ነው።