የሊኑክስ ኮድ ማብራሪያዎችና የካርቱም አንባቢ

ከርነል የኮምፒውተሩን ማህደረ ትውስታ፣ ፕሮሰሰርና ልዩ ልዩ መሣሪያዎች የሚያስተዳድር የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት ሲሆን፣ በሥራ ላይ እያለ የትኛው ፋንክሽን፣ ማለትም የትኛው የኮድ ክፍል፣ መቼ እንደተጠራና ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ የሚመዘግበው ሶፍትዌር የክትትል መሣሪያ ይባላል። በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ለዚህ ተግባር ከሚያገለግሉት ዋነኛው ስቲቨን ሮስቴድት የጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ከከርነሉ ጋር የተዋሃደው ኤፍትሬስ ነው።

የኤፍትሬስ አሠራር ከባድ የሚሆነው በሥራ ላይ ያለ ኮድን ሥራው ሳይቋረጥ የሚለውጥ በመሆኑ ነው። በየፋንክሽኑ መግቢያ ወደ ክትትሉ የሚመራ ትእዛዝ አለ፤ ክትትል በማይፈለግበት ጊዜ ትእዛዙ ምንም በማይሠራ ሌላ ትእዛዝ ይተካል፣ ሲፈለግም ይመለሳል። በኢንቴልና መሰል ፕሮሰሰሮች ይህ ትእዛዝ 5 ባይት ርዝመት ስላለው፣ በመጀመሪያው ባይት ላይ ማቆሚያ ምልክት ይደረጋል፣ ቀጥሎ የቀሩት አራቱ ይጻፋሉ፣ በመጨረሻም የመጀመሪያው ይስተካከላል። ኮዱ ይህን ቅደም ተከተል ያሳያል፤ ሌላ ፕሮሰሰር በግማሽ የተጻፈ ትእዛዝ እንዳያነብ ተብሎ የተደረገ መሆኑን ግን የሚናገረው ኮሜንት የሚባለው፣ ኮምፒውተሩ ሳያነበው የሚያልፈው ለሰው የተጻፈ ማብራሪያ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 በሙከራ ላይ የነበረ የከርነል እትም ኢ1000ኢ በተባለው ሾፌር፣ ማለትም መሣሪያን በሚያሠራ ፕሮግራም፣ የሚሠሩ የኢንቴል ኔትወርክ ካርዶችን ቋሚ ማህደረ ትውስታ አበላሽቶ ነበር፤ ምክንያቱም ኤፍትሬስ ሊለውጠው የያዘው አድራሻ ቀድሞ የኮድ ቦታ ቢሆንም በኋላ ለካርዱ ተሰጥቶ ስለነበር ነው። አድራሻው እስከ መቼ ድረስ ኮድ ሆኖ እንደሚቆይ ከኮዱ መስመሮች ብቻ ማንበብ አይቻልም። በፕሮሰሰሮች መካከል የንባብና የጽሑፍ ቅደም ተከተልን የሚያስጠብቅ ትእዛዝ ያለ ማብራሪያ ሲገባ የከርነሉ የኮድ መፈተሻ ማስጠንቀቂያ መስጠቱ ተገቢ የሚሆነውም ስለዚህ ነው። በአንጻሩ ኮዱን የሚደግም ማብራሪያ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ኮዱ ሲለወጥ ሳይታደስ የቀረው ግን አንባቢን ያሳስታልና ከመቅረቱ ይልቅ መኖሩ ይጎዳል።

ጸሐፊውን ቀርቦ መጠየቅ ለማይችል ሰው ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። በካርቱም፣ ከ1997 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በጸናው የአሜሪካ የኢኮኖሚ ማዕቀብ ምክንያት፣ ሶርስፎርጅ የተባለው የነጻ ሶፍትዌር ማከማቻ እ.ኤ.አ. በ2010 ለሱዳን ተዘግቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019ም ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጧል። አንድ ጊዜ የወረደ የሊኑክስ ኮድ ግን ማብራሪያውን ይዞ በኮምፒውተሩ ይቀመጣል። የከፍተኛ ትምህርቱን በዐረብኛ ለተከታተለ የካርቱም ተማሪ እንግሊዝኛው ሌላ ሸክም ስለሚሆን፣ አጭርና ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከማንኛውም ሙያዊ ምህጻረ ቃል ይሻለዋል። ሮስቴድት የክትትሉ መረጃ የሚጠራቀምበትን ክብ ማከማቻ ሲያብራራ የማከማቻው የማህደረ ትውስታ ገጾች እንዴት እንደሚለዋወጡ በመስመርና በቀስት ምልክቶች ደረጃ በደረጃ ስሎታል፤ ሥዕሉ በተራ የጽሑፍ ፊደላት የተሠራ በመሆኑ ኢንተርኔትም ሆነ የተለየ ፕሮግራም ሳያስፈልግ ይነበባል።