ቶሎ መመረቅ ለማን ይበጃል?

በአገራችን ብዙው የዲግሪ ትምህርት 3 ዓመት ይፈጅ ነበር፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ 4 ሆኗል። ታዲያ አንዳንዱ ተማሪ፣ ደንብ ከፈቀደለት፣ በክረምት ጭምር እየተማረ ቀድሞ ለመመረቅ የሚሻው ስለ ምንድን ነው?

ከጋሞ ደጋ ወደ አርባ ምንጭ የወረደውን ልጅ እናስብ። አባቱ ዛሬም ከሽመናው ጉድጓድ አልወጣም፤ ታናናሾቹም ደመወዙን ይጠባበቃሉ። ይህን ችኮላ የሚነቅፍ የለም።

ለስም ብቻ የሚቸኩለው ግን ይጎዳል። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ በተጀመረው በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ውሃን የሚያጠና ሰው፣ አባያን ያቀላው ከደጋው ተሸርሽሮ የሚወርደው አፈር መሆኑን በአንድ ሌሊት ያነባል፤ አፈሩን በተራራው ላይ ማስቀረትን ለመማር ግን ክረምትና በጋ ሲፈራረቁ ማየት ያሻዋል።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴ ሆይ፣ ከመቸኮል አስቀድሞ «የምቸኩለው ለማን ነው?» ማለት ይገባል።