በሕግና በአብራክ ክፋይ መካከል
«ሻክቲ» ከተሰኘው የህንድ ፊልም ለወላጆችና ለወጣቶች የሚሆን ትምህርት

 

የህንድ ፊልም በአገራችን የቆየ እንግዳ ነው። በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ሲታይ ኖሮ በቪዲዮ ካሴት ዘመን እንደ ደብረ ማርቆስ ባሉ የክፍለ ሀገር ከተሞችም ተዳርሷል። ቋንቋውን ሳይሰማ አልቅሶ የሚወጣው ተመልካች ብዙ ነበር። በወጣቶች አነጋገር «አክተር» ማለት ጥይት የማይነካው ሰው ነው። ዛሬ የምናነሳው ፊልም ግን አክተሩ በገዛ አባቱ ጥይት የሚሞትበት ነው። ዘፈኑንና ጭፈራውን ለማወደስ አላሰብንም፤ ታሪኩ ግን የየቤታችንን ጉዳይ ስለሚነካ ልናልፈው አልወደድንም።

«ሻክቲ» (ኃይል ማለት ነው) እ.ኤ.አ. በ1982 ለእይታ በቃ። ድርሰቱ የሰሊም ኻንና የጃቬድ አኽታር፣ ዝግጅቱ የራሜሽ ሲፒ ነው። የአባቱን ቦታ የተጫወተው ዲሊፕ ኩማር ትክክለኛ ስሙ ሙሐመድ ዩሱፍ ኻን ሲሆን በ1922 በፔሻዋር ተወልዶ በ2021 አርፏል። በዚህ ሥራው ታዋቂውን የፊልምፌር ሽልማት ለስምንተኛ ጊዜ አግኝቷል። ልጁን የተጫወተው አሚታብ ባችቻን ነው።

የታሪኩ ፍሬ ነገር

አሽዊኒ ኩማር የማይደለል የፖሊስ መኮንን ነው። አንድ ወንበዴ ቢያስር ግብረ አበሮቹ ሕፃን ልጁን ቪጃይን አፍነው ወሰዱበት። እስረኛውን ካልለቀቀ ልጁን እንደሚገድሉት በስልክ ዛቱበት። እርሱም ልጁን ቢገድሉት እንኳ ግዴታውን እንደማይከዳ መለሰላቸው። ሕፃኑ ይህን በጆሮው ሰማ። ከአፋኞቹ አንዱ እንዳላየ ሆኖ አሳለፈውና አመለጠ፤ የአባቱ ቃል ግን ከልቡ አልወጣም። አድጎም ያን ያስመለጠውን ሰው ተጠግቶ ከሕገ ወጦች ጋር ዋለ። እናቱ በሁለቱ መካከል ስትሰቃይ ኖራ በወንበዴው አለቃ ጥይት ወደቀች። ቪጃይ ደሟን ለመመለስ ገዳዩን ገደለ፤ ሲሸሽም አባቱ ተኩሶ ጣለው።

አባቱ አጥፍቷልን?

በሱረቱ አን-ኒሳእ 135ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) አማኞች በራሳቸው፣ በወላጆቻቸውና በዘመዶቻቸው ላይ እንኳ ቢሆን ለፍትሕ እንዲቆሙ አዟል። ከቁረይሽ የተከበረ ጎሳ የሆነች ሴት ሰርቃ ኡሳማ ኢብን ዘይድ (ረ.ዐ.) ሊያማልድላት በመጣ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተቆጥተው ልጃቸው ፋጢማ ብትሰርቅ እንኳ ቅጣቱን እንደማያስቀሩላት ተናግረዋል። እንግዲህ አሽዊኒ እስረኛውን አለመልቀቁ አያስወቅሰውም።

ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ቪጃይ በአባቱ እቅፍ ሊሞት ሲል አባቱን እንደሚወድ ይነግረዋል። አባትም እርሱም እንደሚወደው ሲመልስለት፣ ልጁ ታዲያ እስከዛሬ ለምን እንዳልነገረው ይጠይቀዋል። ከዚያ ስልክ ወዲህ ባሉት ዓመታት ሁሉ ልጁን አስቀምጦ የልቡን ያጫወተው አልነበረም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ሕጉ በፋጢማ ላይም እንደሚጸና የተናገሩት ያው ሰው፣ ፋጢማ ስትገባ ተነስተው ይቀበሏት፣ ይስሟትና በመቀመጫቸው ያስቀምጧት ነበር። ፍትሕና እዝነት በአንድ ልብ ውስጥ ይኖራሉ።

በእኛስ አገር?

በጎጃም ደጋ ሰው የገደለ ዘመድን መሸሸግና ደም መመለስ እንደ ወገን ወዳድነት ሲቆጠር ኖሯል። የአገር ሽማግሌዎች የደም ዕርቅ የሚያወርዱት ይህ እሳት ቤት ለቤት እንዳይዛመት ነው። እዚህ ላይ የእኛ ስሕተት የአሽዊኒ ተቃራኒ ነው፤ ለዝምድና ብለን ሐቅ እንቀብራለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዳይ ወንድማችንን እንድንረዳው አዘዋል፤ እርዳታውም እጁን ከበደል መያዝ መሆኑን አስረድተዋል።

በሌላ በኩል ብዙ አባቶቻችን ከሱቅና ከቢሮ ሲመለሱ ለልጆቻቸው የሚተርፋቸው ቁጣ ብቻ ነው። ልጅ የአባቱን ድካም አያይም፤ የሚሰማው ቃሉን ነው። በቤቱ ጆሮ የሚሰጠው ያጣ ልጅ ደግሞ ውጭ ያገኛል፤ ያዳመጠው ማን እንደሆነም አይመርጥም።

ወላጆች ሆይ! ለሐቅ በጸናችሁበት ቀን ምሽት ልጃችሁን አስቀምጡና ምክንያቱን ንገሩት፤ እንደምትወዱትም ጨምሩለት። ወጣቶች ሆይ! ከወላጆቻችሁ ዝምታ ጀርባ ያለውን ፍቅር ፈልጉ፤ ቅር ያላችሁን ነገር በአደብ ጠይቋቸው።

አላህ (ሱ.ወ.) ቤታችንን የፍትሕና የእዝነት ቤት ያድርግልን። አሚን።