ጢማሙ እንሽላሊት፣ ፀሐይና ካሜራ

ጢማም እንሽላሊት፣ በእንግሊዝኛ ስሙ ቢርድድ ድራጎን፣ በአሜሪካ፣ በጀርመንና በብሪታንያ ሰዎች በቤታቸው ከሚያሳድጓቸው ተሳቢ እንስሳት መካከል እጅግ ከተለመዱት አንዱ ሲሆን፣ የትውልድ አገሩ ግን የአውስትራሊያ መካከለኛና ምሥራቃዊ ደረቅ ምድር ነው። ፖጎና ቪቲሴፕስ በሚል ሳይንሳዊ ስም የሚታወቀው ይህ ዝርያ ዕድገቱን ሲጨርስ ከነጅራቱ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ በጥሩ አያያዝም እስከ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። ስሙን ያገኘው በአገጩ ሥር ካለው፣ እሾህ መሰል ቅርፊት ከለበሰው ቆዳ ሲሆን፣ እንስሳው ሲቆጣ ወይም ሲፈራ ይህን ቆዳ እንደ ጢም ነፍቶ ያጠቁረዋል። አውስትራሊያ የአገሯን የዱር እንስሳት ለንግድ ወደ ውጭ መላክን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ስለከለከለች፣ ዛሬ በሌሎች አገሮች የሚሸጡት ቀደም ሲል ከአገሪቱ ከወጡ እንስሳት የተዋለዱ ናቸው። አብዛኞቹ በመብራት ሥር ተፈልፍለው በመብራት ሥር የሚያድጉ በመሆናቸው፣ እውነተኛ ፀሐይ ሳይነካቸው የሚያረጁም አሉ።

ፀሐይ ለዚህ እንስሳ የሙቀት ምንጭ ብቻ አይደለችም። ከፀሐይ ብርሃን ጋር የሚመጣውና በዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት ቢ የተባለው ጨረር ቆዳውን ሲያገኘው በሰውነቱ ውስጥ ቫይታሚን ዲ3 ይሠራል፤ ከሚበላው ምግብ ካልሲየም ወደ ደሙ የሚገባውም በዚህ ቫይታሚን አማካይነት ነው። ጨረሩ ሲጎድል ሰውነቱ ካልሲየሙን ከገዛ አጥንቱ መውሰድ ይጀምራል፤ መንጋጋው ይለሰልሳል፣ እግሮቹ ይጎብጣሉ፣ ይንቀጠቀጣል፣ በመጨረሻም መራመድ ያቅተዋል። ይህን ጨረር የሚሰጡ ልዩ አምፖሎች ቢኖሩም፣ ኃይላቸው ብርሃናቸው ሳይደበዝዝ ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚቀንስ ባለቤቱ በዓይኑ አይቶ ሊያውቀው አይችልም። የመስኮት መስታወትም ጨረሩን ከሞላ ጎደል ስለሚያግደው፣ በመስኮት አጠገብ ፀሐይ የሚሞቅ እንሽላሊት ሙቀቱን እንጂ ጥቅሙን አያገኝም። እንስሳውን አልፎ አልፎ ወደ ደጅ ማውጣት ተገቢ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ሰው ካሜራውን የሚያነሣውም በዚሁ የደጅ ሰዓት ነው፤ ሆኖም የፎቶ አንሺው ምርጫና የእንስሳው ፍላጎት ሁልጊዜ አይገጥሙም። ፎቶ አንሺዎች የሚወዱት ፀሐይ ስትወጣና ልትጠልቅ ስትል ያለው ወርቃማ ብርሃን ለዓይን ቢያምርም፣ በዚያ ሰዓት ጨረሩ ዝቅ ብሎ ረጅም የአየር ንጣፍ አቋርጦ ስለሚመጣ ለቆዳው የሚጠቅመው ክፍል እጅግ ጥቂት ነው፤ አየሩም ቀዝቃዛ ነው። እኩለ ቀን ደግሞ ጨረሩ የበረታ ቢሆንም ጥላው ይጠቁራል፣ ሙቀቱም አደገኛ ይሆናል። የተሻለው ሰዓት ረፋድ ሲሆን፣ የአየሩ ሙቀት ቢያንስ 24 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ሲደርስ፣ ነፋስ በሌለበትና ፀሐይና ጥላ ጎን ለጎን ባሉበት ስፍራ እንስሳውን ማውጣት ይመከራል። ጥላው የግድ ነው፤ ሰውነቱን የሚያሞቀውም የሚያቀዘቅዘውም በዋነኛነት ከቦታ ቦታ በመዘዋወር ነውና። በመስታወት ሣጥን ውስጥ እንዳለ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድለው ይችላል።

እንስሳው የሚሰማውን በቆዳው ይናገራል። ሲበርደው ሙቀት ለመሰብሰብ ጀርባው ይጠቁራል፣ ሰውነቱንም እንደ ሰፌድ ዘርግቶ ወደ ፀሐይ ያዘነብላል፤ ሲሞቀው ደግሞ ቢጫው፣ ብርቱካናማውና አሸዋማው ቀለሙ ይፈካል። ስለዚህ ከቤት እንደወጣ የሚነሣው ፎቶ ብዙውን ጊዜ የደበዘዘ እንስሳ ያሳያል፤ የሚታገሥ ፎቶ አንሺ ግን ያ ጥቁር ጀርባ ቀስ በቀስ ሲፈካ ለማየት ይበቃል። አንድ የፊት እግሩን አንሥቶ በዝግታ ማዞሩ የመገዛት ምልክት ነው፤ ራሱን ቶሎ ቶሎ ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቁ ደግሞ ወንዱ ጉልበቱን የሚያሳይበት ነው። አፉን ከፍቶ መቀመጡን ጀማሪዎች እንደ ፈገግታ ቆጥረው ደጋግመው ያነሡታል፤ በእርግጥ ግን ትርፍ ሙቀት እያስወጣ ነው፣ ወደ ጥላው መሄጃ መንገዱ ክፍት መሆን አለበት። ጀርባው ሳይሆን ጢሙ ብቻ ከጠቆረና ከተነፋ ፈርቷል ወይም ተቆጥቷል ማለት ነውና ካሜራው ወዲያው መቀመጥ ይኖርበታል።

በዚህ ላይ ራሱን ቀረብ ብሎ ለተመለከተ ሰው፣ በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል፣ ከአናቱ ላይ አንዲት ፈዛዛ ነጠብጣብ የምትመስል ቅርፊት ትታያለች። ይህች ሦስተኛ ዓይን በመባል የምትታወቅ ክፍል ምስል ባታይም ብርሃንና ጥላን ትለያለች፤ በዱር ከላይ የሚወርድ ጥላ ብዙውን ጊዜ የአዳኝ ወፍ ጥላ ነው። እንግዲህ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ካሜራውን ከላይ የሚያቀርብ ሰው ለእንሽላሊቱ ከጭልፊት አይለይም። መሬት ላይ በደረት ተኝቶ ከጎን ሆኖ ማንሣት እንስሳውን ያረጋጋዋል፤ ፎቶውም በእንስሳው ዓይን ልክ ስለሚሆን ግርማው ይወጣል። ከላይ የተነሣ እንሽላሊት ወለል ላይ የተጣለ ዕቃ ይመስላል፤ በዓይኑ ልክ የተነሣው ግን የሚያይ ፍጡር መሆኑ ይታወቃል።

ፎከሱ ምንጊዜም ዓይኑ ላይ መሆን ይገባዋል። በቅርብ ሲነሣ ጥርት ብሎ የሚታየው ስፋት በጣም ጠባብ ስለሆነ አፍንጫው ጠርቶ ዓይኑ ሊደበዝዝ ይችላል፤ በመሆኑም የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 8 አካባቢ ማጥበብ ይረዳል። ለተቀመጠ እንስሳ የሰከንድ 1/250ኛ ፍጥነት ሲበቃ፣ ምላሱን ወርውሮ ፌንጣ ሲይዝ ለማስቀረት 1/1000ኛና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። በስልክ የሚያነሣ ሰው ስልኩን አፍንጫው ሥር ከመደቀን ራቅ ብሎ ማጉላት ይሻለዋል፤ አለዚያ አፍንጫው አብጦ ሌላው አካሉ ኮስሶ ይወጣል። ፍላሽ ቅርፊቶቹን የሚያንጸባርቅና እንስሳውን የሚያስበረግግ በመሆኑ ቢቀር ይመረጣል። ልብስ ማልበስ፣ መነጽር ማድረግ፣ በሁለት እግር ማቆም በማኅበራዊ ሚዲያ ብዙ ተመልካች ቢያገኝም፣ ፍርሃቱን እንደ ጨዋታ የሚያቀርብ ድርጊት ስለሆነ ሊወገዝ ይገባል።

ፎቶ ለሕክምናም ይጠቅማል። በየወሩ በአንድ ቦታና በአንድ ዓይነት ብርሃን ከጎንና ከላይ የሚነሣ ምስል የጅራቱን ሥር መክሳት፣ የመንጋጋውን ቅርጽ መለወጥ፣ ቆዳውን ሲቀይር በጣቶቹ ላይ የቀረውን ቅሪት በዕለት ተዕለት ዕይታ ከሚታወቅበት ጊዜ ቀድሞ ያሳያል፤ የእንስሳት ሐኪምም ከቃል ገለጻ ይልቅ እነዚህን ምስሎች ይመርጣል።

በደጅ ሳለ እንስሳው ደረቱንና ትከሻውን በሚይዝ ለስላሳ ማሰሪያ ወይም በተከለለ ስፍራ መቆየት አለበት፤ የተረጋጋ የሚመስል እንሽላሊት ሲደነግጥ የሚሮጥበት ፍጥነት ብዙዎችን ያስገርማል። ውሻ፣ ድመት፣ አሞራና ፀረ ተባይ የተረጨበት ሣር የታወቁ አደጋዎች ናቸው። ያነሰ የሚታወቀው፣ በአሜሪካ በበጋ ምሽት ብልጭ ድርግም እያለች የምትበረው ጥንዚዛ ናት፤ በሰውነቷ ያለው መርዝ ልብን የሚጎዳ በመሆኑ አንዲቱን ብቻ የዋጠ ጢማም እንሽላሊት ሊሞት ይችላል። ለሰውም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ጤነኛ የሚመስል እንሽላሊት ሳልሞኔላ የተባለውን ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ ሊሸከም ስለሚችል፣ የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና መታጠብ፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትም ባይነኩት ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከዚሁ እንስሳ ጋር የተያያዘ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ ይፋ ባደረገ ጊዜ ከታመሙት ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ።

ጢማሙ እንሽላሊት የሚመደብበት አጋሚዴ የተባለው ቤተሰብ በኢትዮጵያም አባላት አሉት፤ በድንጋይ ካብና በዛፍ ግንድ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ራሳቸውን የሚነቀንቁት፣ ወንዶቹ ሰማያዊ ራስ ያላቸው እንሽላሊቶች የእሱ ዘመዶች ናቸው። እነዚህን ይዞ ቤት ማስገባት አያስፈልግም፤ ፎቶ ማንሣት የሚወድ አንባቢ ረፋድ ላይ ከካቡ ራቅ ብሎ፣ ጥላውን ሳይጥልባቸው ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ይጠብቅም።