የዓሣ ዘይት ነቀርሳን ያድናል?

በአሊዩ አምባ ገበያ ደገኛና ቆለኛ ሲገናኝ ከእህሉ ጋር ወሬም ይሸመታል። የዓሣ ዘይት ነቀርሳን ማለትም ካንሰርን ያድናል ይባላል። እውነት ነውን? እስቲ እንመርምረው።

የዓሣ ዘይት ከዓሣ ሥጋ ወይም ከጉበቱ የሚወጣ ስብ ነው። የጉበቱ ዘይት ቪታሚን ኤ እና ዲ አለው። ፀሐይ በሚያንስባቸው የሰሜን አገሮች እግራቸው ለሚጣመም ሕፃናት መስጠት ከጀመሩ ከ100 ዓመት በላይ ሆኗል። ለእኛ ቪታሚን ዲን የቆላው ፀሐይ በነፃ ይሰጠናል፤ ዳፍንትን የሚከላከለውን ቪታሚን ኤ ደግሞ ከጎመንና ከእንቁላል እናገኛለን። ነፍሰ ጡር የጉበቱን ዘይት ካበዛች ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል።

ነቀርሳ የሰውነት ሕዋሳት ያለ ልክ ሲራቡ የሚመጣ በሽታ ነው። ይህን ዘይት አያቆመውም። የሚታከመው በቀዶ ሕክምና፣ በመድኃኒትና በጨረር ነው፤ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይሰጣል።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? በነቀርሳ የታመመ ሰው ይከሳል፤ ምግብም እምቢ ይለዋል። ዘይቱ ክሳቱን ይቀንስ እንደሆነ ሐኪሞች ሞክረዋል። አንዱ ጋ ረዳ፣ ሌላው ጋ አልረዳም። ክሳትን መቀነስና በሽታን መንቀል ግን ለየቅል ናቸው። ለከሳው ሰው እንቁላል፣ ወተትና ሽሮ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ይሰጠው። ዘይቱን የሚወስድም ለሐኪሙ ይንገር።

የጡት እብጠት መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ስለማያምም ይናቃል። እህቶቻችን፣ ሳያም ጤና ጣቢያ ሂዱ። ፍየል መሸጥ ግድ ከሆነም ገንዘቡ ለዘይት ጠርሙስ ሳይሆን ለደብረ ብርሃን መኪናና ለምርመራ ይዋል።