ባሕር የሌለው የወደብ መንገድ

የወደብ ከተማ ሲባል ልባችን ቶሎ ወደ ምጽዋና ወደ ጅቡቲ ይሄዳል። በምዕራብ በኩልም ወደብ እንደነበረን፣ ያም ወደብ የራሱ የንግድ መንገድና በንግዱ የደረጁ ከተሞች እንደነበሩት ብዙ ጊዜ አይነሳም። ከመቱ ተነስቶ በጎሬና በቡሬ አልፎ ጋምቤላ ላይ ባሮ ዳር የሚደርሰው መንገድ ይህ ነው (ይህች ቡሬ የጎጃሟ አይደለችም፤ የኢሉባቦሯ ናት)። በሞተር ሳይክል ታሪክን መከተል ለሚሻ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ይህን የምለው ለደኑ ውበት ብቻ አይደለም። የእነዚህ ከተሞች ታሪክ የከፍታ፣ የዝናብና የሙቀት ታሪክ ስለሆነ፣ ሦስቱንም በገላው የሚቀበል መንገደኛ ይበልጥ ይገባዋል።

መነሻው አንድ ውል ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የሱዳንን ድንበር ሲዋዋሉ፣ ባሮ ዳር በኢታንግ አካባቢ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ ተስማሙ። የቦታው የወንዝ ፊት ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፣ ለፖለቲካም ለጦርም እንዳይውል፣ ኪራዩም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንዲጸና ተጻፈ። ጣቢያው የተተከለው ከኢታንግ ሽቅብ ጋምቤላ ላይ ነው። ከካርቱም የተነሱ የእንፋሎት መርከቦች በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል ጨውና ጨርቅ ያመጡ ነበር፤ ሲመለሱ የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይጭናሉ። ነገር ግን ባሮ መርከብ የሚችለው በክረምት ሲሞላ ነው፤ ቡናው ደግሞ የሚለቀመው በበጋ፣ የበቅሎ መንገዱም የሚከፈተው ያኔ ነው። ስለዚህ ደጋው በበጋ ያወረደውን ወንዙ የሚወስደው በክረምት ነበር፤ በመካከሉ ቡናው ጋምቤላ መጋዘን ውስጥ ይጠብቃል። ሁለት ወቅት የተቀባበለበት እንዲህ ያለ ወደብ በቀይ ባሕር አይገኝም። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ የውሉ ዘመን አበቃ፣ ጋምቤላም ብዙ ሳይቆይ ሙሉ በሙሉ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰች።

ይህን የያዘ ሰው ጎሬን በሌላ ዓይን ያያታል። ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ከተማ ለብዙ ዘመን የኢሉባቦር መዲና ነበረች። ኋላ የልጅ ኢያሱ ሞግዚት የሆኑት፣ በ1903 ዓ.ም. ያረፉት ራስ ተሰማ ናደው አገሩን የገዙት ከዚህ ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ምክንያት ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ ሲወጡ የቀረው መንግሥት መቀመጫውን ጎሬ አደረገ፤ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ፣ ኋላም ራስ እምሩ የመሩት አስተዳደር እስከ ኅዳር 1929 ዓ.ም. ድረስ እዚያ ቆየ። ለምን ጎሬ? ለአዲስ አበባ ሩቅ ጠረፍ ብትመስልም፣ ከጠላት የራቀች፣ ከጋምቤላ ወደብ ግን የቀረበች ነበረች፤ የእንግሊዝ ቆንስላም ነበራት። ወደ ውጭው ዓለም የቀረው በር በዚያ አቅጣጫ ነበር። ይህ ከመጽሐፍ ይነበባል፤ ጎሬ ጫፍ ላይ ቆሞ መንገዱ ወደ ምዕራብ ሲወርድ ላየ ሰው ግን ክርክር አያስፈልገውም።

ለምን በሞተር? ከጎሬ እስከ ጋምቤላ ቁልቁለቱ 1,500 ሜትር ገደማ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ ጠዋት ጃኬት የቆለፈ ሰው ቡሬን አልፎ ሲወርድ ያወልቀዋል። የደጋ ነጋዴ ቆላውን የፈራው፣ ለራሱ ወባ ለበቅሎው ገንዲ ያሰጋው፣ በዚህ የአየር ለውጥ ውስጥ ነው። መስኮቱን ዘግቶ የሚወርድ መኪና ይህን ድንበር ሳያውቀው ያልፈዋል። ሞተረኛው በኅዳርና በታኅሣሥ ቢወርድ ደግሞ የሚጓዘው በቅሎዎቹ ይወርዱበት በነበረው ወቅት ነው፤ ቡናው በየደጁ ተሰጥቶ፣ ቀፎው ከዛፍ ላይ ተሰቅሎ ያገኘዋል።

ሞተር አደገኛ ነው የሚለው ተቃውሞ ትክክል ነው፤ ማቃለልም አይገባም። ጎሬ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምትቀበል ከተማ ናት፤ በክረምት ጭጋጉ መንገዱን ይውጠዋል፣ ጭቃውም ጎማ አይዝም። መልሱ ወቅት መምረጥ፣ ሄልሜት አለማውለቅ፣ ቁልቁለቱንም በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዘው አድርጎ መውረድ ነው፤ ፍሬን ብቻ ያመነ ሰው ፍሬኑን ያግለዋል። የአካባቢውን ጸጥታም ከየከተማው ነዋሪ ሳይጠይቁ መነሳት ስህተት ነው። ሌላው ተቃውሞ፣ ወንዝ ባሕር አይደለም፣ እነዚህንም የወደብ ከተሞች ማለት ማጋነን ነው የሚል ይሆናል። ወደብን ወደብ የሚያደርገው የውኃው ጨዋማነት ከሆነ ተቃውሞው ይጸናል። እኔ ግን የጉምሩክ፣ የመጋዘን፣ የቆንስላና የባዕድ ነጋዴ መገናኛ መሆኑ ነው እላለሁ፤ ጋምቤላ ሁሉንም ነበራት፣ የግሪክ ነጋዴዎችም እስከ ጎሬ ድረስ ዘልቀው ነበር።

የሶርን ፏፏቴ ለመልስ ጉዞ እንዲያቆዩት እመክራለሁ። ከመቱ ወደ በቾ ታጥፎ፣ ሞተሩን ለአደራ ሰጥቶ በደኑ ውስጥ በእግር ይደረሳል። ውኃው 20 ሜትር ያህል ይወረወራል። ሶር ወደ ገባ ይገባል፤ ገባ ከብርብር ጋር ሲገናኝ ባሮ ይሆናል። ጋምቤላን አይቶ የተመለሰ ሰው፣ ከፊቱ የሚወረወረው ውኃ ነገ ከነገ ወዲያ በዚያ አሮጌ ወደብ ፊት እንደሚያልፍ ያውቃል።