ዘመድ የታጣለት እንጉዳይ

በቴክሳስ፣ በኦስቲን ከተማ ዙሪያ፣ በሞተ የኤልም ዛፍ ጉቶና ሥር ላይ የሚበቅል እንጉዳይ አለ። ሳይከፈት ጥቁር ቡናማና ጸጉራም ስለሆነ የአገሬው ሰው «የሰይጣን ሲጋር» ይለዋል። ሲደርስ ከጫፉ ተሰንጥቆ ኮከብ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ሰባት ጨረር ይኖረዋል። ያን ጊዜ ስፖሩን፣ ማለትም የመራቢያ ብናኙን፣ እንደ ጭስ ይተፋል፤ ቀረብ ብሎ ያዳመጠም «ሽሽሽ» ሲል ይሰማዋል። ድምፅ ያለው እንጉዳይ ብርቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1893 ከኦስቲን የተሰበሰበው ናሙና ቻርልስ ፔክ ለተባለ የኒው ዮርክ የዕፅዋት ተመራማሪ ደረሰው። ፔክ አዲስ ዝርያ መሆኑ አልጠፋውም፤ የመደበው ግን «ኡርኑላ» ከሚባለው ወገን ነው። በኋላ ክርክር የተነሣው በዚህ ምድብ ላይ ነው።

ይህ እንጉዳይ ከዋንጫ መሰል እንጉዳዮች ነው፤ ከእነሱም ብዙዎቹን በመልክ ብቻ መለየት አይቻልም። ስፖራቸው የሚበቅለው በዋንጫው ውስጠኛ ገጽ በተደረደሩ ረጃጅም ከረጢቶች ነው፤ በአንዱ ከረጢት አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ስፖር ይገኛል። ተመራማሪው ስስ ቁራጭ ይቆርጥና በማይክሮስኮፕ ያያል፦ ከረጢቱ የሚከፈተው በክዳን ነው ወይስ ያለ ክዳን? አዮዲን ሲነካው ሰማያዊ ይሆናል? ስፖሩ ለስላሳ ነው ወይስ ሻካራ?

ኤልሲ ኩፕፈር የተባለች ተማሪ በ1902 ውስጡን መርምራ፣ ይህ እንጉዳይ ከኡርኑላ ጋር አይዛመድም፣ «ኮሪዮአክቲስ» የሚባል የራሱ ወገን ይገባዋል አለች። ሐሳቧ ወዲያው ተቀባይነት አላገኘም። ኤክብላድ የተባለ ተመራማሪ በ1968 ባሳተመው ጥናት ነው ወገኑ የጸደቀው። የራሱ ቤተሰብ የተሰጠው ደግሞ በ2008፣ ዲኤንኤ ከተነበበ በኋላ ነው። ለእኔ የኩፕፈር ሥራ ከግኝቱ ይበልጣል፤ ማግኘትማ ዕድልም ያደርገዋል።

በ1937 ይኸው እንጉዳይ ጃፓን፣ ኪዩሹ ደሴት ላይ ተገኘ፤ እዚያ የሚበቅለው በሞተ የኦክ ዛፍ ላይ ነው። በዲኤንኤ ስሌት የሁለቱ አገር ዘሮች ከተለያዩ ቢያንስ 19 ሚሊዮን ዓመት ሆኗቸዋል። ታዲያ ለምን ሁለት ዝርያ አልተባሉም ቢሉ፣ በመልክ ስለማይለዩ እስካሁን የሚጠሩት በአንድ ስም ነው።

ቴክሳስ በ2021 የግዛቷ እንጉዳይ አድርጋ መርጣዋለች። እዚያ የምትኖሩ አንባቢዎች ካገኛችሁት ፎቶ አንሡት እንጂ ወደ ድስት አትውሰዱት፤ ለምግብነት የሚሆን መሆኑ አልተረጋገጠም።